ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ማደግ፦ ገቢውና ወጪው

አንድ የእግር ኳስ ክለብ ከታችኛው ዲቪዚዮን ወደ አገሩ ዋና ሊግ ሲያድግ አዳዲስ የገቢ በሮች ይከፈቱለታል። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ የቴሌቪዥን መብት ድርሻ፣ የስፖንሰር ውል፣ የስታዲየም መግቢያ ገቢና በአህጉራዊ ውድድር የመሳተፍ ዕድል ናቸው። በኢትዮጵያ ግን የብዙዎቹ ክለቦች ዋና የገንዘብ ምንጭ የከተማና የክልል አስተዳደሮች ወይም የመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። ስለዚህ ማደግ ለክለቡ ገቢ ከማምጣቱ በፊት ለባለቤቱ ተጨማሪ ወጪ ይዞ ይመጣል።

የእንግሊዝ መለኪያ

የማደግ ዋጋ ከሁሉ የሚገዝፈው በእንግሊዝ ነው። ሉተን ታውን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በዌምብሌይ ኮቨንትሪን በመለያ ምት 6 ለ 5 ረትቶ ሲያድግ፣ ዴሎይት የተባለው የሒሳብ ኩባንያ የዚያችን ጨዋታ ዋጋ በትንሹ 170 ሚሊዮን ፓውንድ ገምቶት ነበር። ክለቡ በሊጉ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ግምቱ ወደ 290 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍ ይላል። በዚያ ሊግ የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ የሚወርድ ክለብ እንኳ ከማዕከላዊው ክፍፍል ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይደርሰዋል። ከወረደ በኋላም ድጎማው አይቋረጥም፤ ክለቦች እኩል ከሚካፈሉት የቴሌቪዥን ገንዘብ በመጀመሪያው ዓመት 55፣ በሁለተኛው 45 በመቶ ይከፈለዋል። በሊጉ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ከሆነ በሦስተኛው ዓመት 20 በመቶ ይጨመርለታል።

ድሬዳዋና የአስተዳደሩ ካዝና

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ድሬዳዋ በኳስ ዋናው መድረክ ላይ እንግዳ አይደለችም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን፣ በተለምዶ ኮተን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ለመሆን የበቃ ሲሆን፣ በመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫም ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ነበር። የከተማው ስታዲየም በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አንድ ምድብ አስተናግዷል። በዚያ ዘመን የቡድኑን ወጪ የሚሸፍነው ተጫዋቾቹን በሠራተኝነት የሚይዘው ፋብሪካ ነበር።

ዛሬ ያ ሸክም የአስተዳደሩ ሆኗል። ድሬዳዋ ከተማ በ2007 ዓ.ም. አድጎ በ2008 የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጉን ሲቀላቀል ስሙም በጀቱም ከድሬዳዋ አስተዳደር ጋር የተያያዘ ነበር። አስተዳደሩ ደግሞ ከከተማው ሌላ የገጠር ቀበሌዎችንም ያቅፋል። በመሆኑም የአጥቂው ደመወዝና የገጠሩ መንገድ የሚወጡት ከአንድ ካዝና ነው። ክለቡ በሊጉ ሲቆይ ነዋሪው ኩራትና ጨዋታ ያገኛል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ የበጀት ጥያቄ ይቀርብለታል።

የቴሌቪዥኑ ገንዘብ

በአስተዳደር በጀት ብቻ የመኖር አሠራር የተነቃነቀው በ2012 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር ተቋቁሞ ክለቦቹ ባለድርሻ ሲሆኑ ነው። በ2013 የውድድር ዘመን መባቻ የሥርጭት መብቱ ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርት ቴሌቪዥኑ ሱፐርስፖርት ተሸጠ። የስፖርት ውርርድ ኩባንያው ቤትኪንግም የሊጉን የስያሜ መብት ገዛ። የሥርጭት ገንዘቡ ምንም ሳይቀነስ ለ16 ክለቦች በእኩል ቢከፈል ለአንዱ በዓመት የሚደርሰው 281,000 ዶላር ገደማ ነው። የእንግሊዝ ጭራ ክለብ ከሚያገኘው ጋር የሚወዳደር ባይሆንም፣ ወደ ሊጉ ያደገ ክለብ ከአስተዳደሩ እጅ ውጭ ሊቆጥረው የሚችለው ገቢ ሆነ።

ከካሜራው ጋር ሌላ ለውጥም መጣ። በ2013 ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ተካሄዱ። ክለቦች ለሳምንታት በአንድ ከተማ ይሰነብታሉ፤ የሆቴሉ፣ የምግቡና የትራንስፖርቱ ወጪም እዚያው ይቀራል። ለአስተናጋጅነት በተመረጠች ጊዜ ድሬዳዋ የሊጉ ትርፍ ተካፋይ ናት፤ ክለቧ ግን በሜዳው ደጋፊውን የሚያስገባበትንና ትኬት የሚሸጥበትን የተለመደ ዓመት አጣ።

ማን ያተርፋል?

የመጀመሪያው ተጠቃሚ ተጫዋቹ ነው። ያደገ ክለብ ልምድ ያላቸውን ለማስፈረም ሲሽቀዳደም ደመወዝ ይንራል፤ የፊርማ ገንዘብም አብሮ ይወጣል። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን የወሰነው ይህን ንረት ለመግታት ነበር።

የማደግን ፈጣን ፍሬ በማሳየት ጅማ አባ ጅፋርን የሚያህል የለም። ባደገበት በ2010 ዓ.ም. ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ክፍያ ሻምፒዮን ሆነ። በማግስቱ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከአገሩ ውጭ በግብፁ አል አህሊ 2 ለ 0 ቢሸነፍም በአገሩ 1 ለ 0 አሸንፎ ተሰናበተ። ይሁን እንጂ ዋንጫው የካዝናውን ችግር አላቃለለለትም፤ ክለቡ ባልተከፈለ የተጫዋቾች ደመወዝ ሲወቀስ ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ወረደ።

ከኋላቸው ጠንካራ ተቋም ያላቸው ክለቦች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። በ2015 ዓ.ም. ያደገው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በቀጣዩ ዓመት ዋንጫውን አነሳ፤ በ2014 ያደገው ኢትዮጵያ መድንም በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። አንደኛው በባንክ፣ ሌላው በኢንሹራንስ ድርጅት ይደገፋሉ።

ከሻምፒዮናው በኋላ የሚጠበቀው ገንዘብ የአህጉሩ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቅድመ ማጣሪያ ለሚሳተፍ ክለብ 50,000 ዶላር መስጠት የጀመረ ሲሆን፣ በሻምፒዮንስ ሊጉ የምድብ ጨዋታ የደረሰ ክለብ ደግሞ ትንሹ ድርሻው 700,000 ዶላር ነበር። ንግድ ባንክ የዩጋንዳውን ቪላ ካሰናበተ በኋላ በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ በድምር 7 ለ 0 ተሸንፎ ከምድቡ በር ተመለሰ።

መውረድ

የኢትዮጵያ ሊግ የእንግሊዝን ዓይነት የወረዱ ክለቦች ድጎማ የለውም። የወረደ ክለብ የቴሌቪዥን ድርሻውን አጥቶ ሁለተኛው እርከን ወደሆነው ከፍተኛ ሊግ ይመለሳል፤ ከተጫዋቾቹ ጋር የገባው ውል ግን አብሮ አይወርድም። በ2015 ያደጉት ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ በሊጉ የቆዩት አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ሲሆን፣ አብሯቸው ያደገው ንግድ ባንክ ዋንጫውን ባነሳበት ዓመት ሁለቱም ተመልሰው ወርደዋል። ድጎማ ራሱም ሁሌ አያድንም፤ ሉተን ታውን እ.ኤ.አ. በ2024 ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዶ፣ የድጎማው ገንዘብ እየተከፈለው በ2025 ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ወርዷል።