በደም ሥር መድኃኒት የመስጠት የነርሶች ሥልጠና

በደም ሥር መድኃኒት መስጠት ማለት ፈሳሽን ወይም መድኃኒትን ካኑላ በሚባል ቀጭን ቱቦ አማካኝነት በቀጥታ ወደ ደም ማስገባት ነው። በተለምዶ «ግሉኮስ ተሰቀለለት» ይባላል፤ ይሁንና የሚሰቀለው ፈሳሽ ሁሉ ግሉኮስ አይደለም። በዚህ መንገድ የተሰጠ መድኃኒት ቶሎ ይሠራል፤ አንዴ ከገባ ግን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ሰጪው ሠልጥኖ ፈቃድ ያገኘ ባለሙያ መሆን አለበት።

ሥልጠናና ፈቃድ

በኢትዮጵያ ይህ ክህሎት የመደበኛው የነርስነት ትምህርት አካል ነው። ተማሪው መጀመሪያ በክህሎት ቤተ ሙከራ በአሻንጉሊት ላይ፣ ቀጥሎም በሆስፒታል በአስተማሪ ክትትል ይለማመዳል። በዲግሪ የሚመረቁ ነርሶች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ሚኒስቴርን የሙያ ፈቃድ ፈተና ይወስዳሉ፤ በደረጃ 4 የሚሠለጥኑት ደግሞ የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ምዘና ይወስዳሉ። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ግን ከተመዘገቡ ነርሶች ያነሰ ሥልጠና ያላቸው ባለፈቃድ ነርሶች (ኤልፒኤን) ለደም ሥር ሕክምና ተጨማሪ ሥልጠና ይጠየቃሉ።

የጠብታ ስሌት

የመድኃኒት መስጫ ፓምፕ በሌለበት ነርሷ ጠብታውን በሰዓት ትቆጥራለች። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት (480 ደቂቃ) እንዲገባ ከታዘዘና ቱቦው ለአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ፦

1000 × 20 ÷ 480 = 42 ጠብታ ገደማ በደቂቃ

ለሕፃናት በሚያገለግለው ባለ 60 ጠብታ ቱቦ ግን ያው ፈሳሽ በደቂቃ 125 ጠብታ ይሆናል። ስለዚህ ከስሌቱ በፊት የቱቦው ማሸጊያ ይነበባል።

በምዕራብ ጎጃም

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ወባ አለ። ለከባድ ወባ የሚሰጠው አርቴሱኔት ከ20 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሕፃን በኪሎ 3 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 2.4 ሚሊ ግራም ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 45 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። የተለመደው ባለ 60 ሚሊ ግራም ብልቃጥ ለደም ሥር ሲበጠበጥ 6 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ የሕፃኑ መጠንም 4.5 ሚሊ ሊትር ነው። ለጡንቻ ሲበጠበጥ ግን 3 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሚሆን መጠኑ 2.25 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለቱን አበጣበጥ ማምታታት ለሕፃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ መድኃኒት መስጠት ይሆናል።

ደም ሥር ካልተገኘ አርቴሱኔት በጡንቻ ይሰጣል። በጤና ኬላ ደግሞ ከባድ ወባ የያዘው ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ከመላኩ በፊት በፊንጢጣ የሚገባው አርቴሱኔት ይሰጠዋል።

ጥንቃቄ

ከመስጠት በፊት የታካሚው ማንነት፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ መንገዱና ሰዓቱ ይረጋገጣሉ፤ ከተሰጠ በኋላ ይመዘገባል። ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ ልብን ሊያቆም ስለሚችል በቀጥታ በደም ሥር አይሰጥም። ካኑላው የገባበት ቦታ ካበጠ ወይም ካመመ ፈሳሹ ይቆምና ካኑላው ይወጣል።