የማንዴላ አሠልጣኝ በየዘመኑ አንደበት

በ1954 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ፣ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ተኩስ፣ ሞርታርና ፈንጂ ይማሩ ነበር። ሲጓዙ ዴቪድ ሞትሳማዪ ይባላሉ፤ እውነተኛው ስማቸው ኔልሰን ማንዴላ ነው። የጦር ሳይንስ የሚያስተምሯቸው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ስድስት ወር ይፈጃል የተባለው ሥልጠና ከድርጅታቸው በመጣ ቴሌግራም ተቋረጠ። ኮሎኔሉ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ሸኟቸው። ማንዴላ አገራቸው በገቡ ማግስት ሊባል በሚችል ጊዜ፣ ሐምሌ 29 ቀን፣ ተያዙ።

ይህ ዛሬ በኩራት የሚወራ ታሪክ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን አሠልጣኙ ናቸው፤ ስለ አንድ ሰው የሚባለው ነገር በአንድ አገር ስንቴ እንደሚገለበጥ ከታደሰ ብሩ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ታደሰ ከዙፋኑ ጋር ቆሙ፤ ታማኝ ተባሉ። ማንበብና መጻፍ የሚያስተምረውን የፊደል ሠራዊትንም መሩ። ታዋቂው ወሬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ የታደሰን ኦሮሞነት ሳያውቁ ኦሮሞን ከማስተማር እንዲቆጠቡ መከሯቸው ይባላል። እንዲህ ያለ ወሬ ከሁለት ሰዎች ጨዋታ ይወጣና የብዙዎች ብሶት ማስረጃ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ማን ፊት ተነገረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ታደሰ ሜጫና ቱለማ የተባለውን የኦሮሞ መረዳጃ ማኅበር ተቀላቀሉ። በ1959 ታሰሩ፤ የተፈረደባቸው ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ታማኙ ከሃዲ ሆኑ። ዙፋኑ ሲወድቅም ስማቸው አልታደሰም፤ ደርግ በመጋቢት 1967 ረሸናቸው። ለኦሮሞ ታጋዮች ደግሞ ሰማዕት ናቸው።

በ1987 ዓ.ም. የታተመው የማንዴላ ግለ ታሪክ የሚያስተዋውቀን የትኛውን ታደሰ ነው? በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት በማክሸፍ ድርሻ የነበራቸውን መኮንን!  አገር ቤት ሦስት ስም የወጣላቸው ሰው፣ በዓለም አንባቢ ዘንድ የ1954ቱ ኮሎኔል እንደሆኑ ቀሩ።

ማንዴላ ከእስር በተፈቱበት ዓመት፣ በሐምሌ 1982፣ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ መጡ። የተቀበሏቸው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበሩ፤ የማንዴላ መምህር ታደሰ ሲረሸኑ የደርጉ ምክትል ሊቀ መንበር የነበሩት።