ባህላዊ ውዝዋዜን መሰነድ፦ ምን ይመዘገባል? እንዴትስ ይመዘገባል?

ባህላዊ ውዝዋዜ አንድ ማኅበረሰብ ደስታውን፣ ሥራውን፣ ጀግንነቱንና እምነቱን በሰውነት እንቅስቃሴ የሚገልጽበት የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ነው። በአማራ አካባቢዎች የሚዘወተረው እስክስታ በትከሻና በአንገት እንቅስቃሴው ይታወቃል። በትግራይ በከበሮ ምት በክብ እየዞሩ ይጨፈራል። የሐረርጌ ኦሮሞ ወጣቶች ሸጎዬን የሚያከናውኑት ፊት ለፊት ቆመው፣ ጭንቅላታቸውን በዜማው ልክ እያወዛወዙ ነው። ኢትዮጵያ የዩኔስኮን የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀብላለች።

ዘመናዊ ኑሮ ያስከተለው ለውጥ

ቀደም ሲል ልጆች ውዝዋዜን የሚማሩት በሠርግና በበዓል አዋቂዎችን እያዩ ነበር። ዛሬ በከተማ ሠርጉ ወደ አዳራሽ ገብቷል፤ የተቀባዮችንና የአጨብጫቢዎችን ቦታ የተቀረጸ ሙዚቃ ይዟል። በባህል ምግብ ቤቶች መድረክ የብዙ ብሔረሰቦች ውዝዋዜ በአጭር ጊዜ ውስጥ በተከታታይ ስለሚቀርብ፣ እያንዳንዱ ያጥራል፤ በክብ የሚጨፈረውም ወደ ተመልካች የዞረ ሰልፍ ይሆናል።

ለውጡ ግን ጉዳት ብቻ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመው የሀገር ፍቅር ቴአትር ጀምሮ መድረክ የአንዱን አካባቢ ጭፈራ ለሌላው አስተዋውቋል። ችግር የሚፈጠረው የመድረኩ ቅጂ ብቻ ተቀርጾ ሲቀርና መነሻውን የሚያውቁ አዛውንቶች ሳይጠየቁ ሲያልፉ ነው። ያን ጊዜ እንቅስቃሴው ይቀራል፤ ትርጉሙ ግን ይጠፋል። የሲዳማ ሕዝብ ቄጣላ ሊታወቅ የሚገባው ከፍቼ ጨምበላላ በዓል ጋር እንጂ ለብቻው ተነጥሎ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሌላውም ውዝዋዜ ከሚከናወንበት ሥርዓት ጋር አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል።

በሰነዱ መካተት ያለባቸው መረጃዎች

1. የውዝዋዜው ስም በአካባቢው ቋንቋና የስሙ ትርጉም፤
2. የሚከናወንበት ቦታ፣ ወቅትና ምክንያት፤
3. የሚሳተፉት ሰዎች (ጾታ፣ ዕድሜ፣ የሥራ ድርሻ)፤
4. የዘፈኑ ሙሉ ግጥም፣ የሙዚቃ መሣሪያው፣ አልባሳቱና ጌጣጌጡ፤
5. ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ሳይቆራረጥ የተቀረጸ ምስልና ድምፅ፤ ምስሉ ከትከሻ በተጨማሪ የእግር አጣጣልንና የተጨፋሪዎችን አሰላለፍ ማሳየት አለበት፤
6. ውዝዋዜው በወጣትነታቸው ዘመን ምን ይመስል እንደነበረና ምን እንደተለወጠ አዛውንቶች የሰጡት ምስክርነት።

ስለ ፈቃድና መብት

ከቀረጻ በፊት የተሳታፊዎችን ፈቃድ መጠየቅና ቀረጻው ለምን እንደሚውል ማስረዳት ያስፈልጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች መብት ጥበቃ ያደርጋል። የሃይማኖትና የኀዘን ሥርዓቶችን በሚመለከት የአካባቢው ሽማግሌዎች እንዳይቀረጽ የሚሉት ክፍል ካለ ሊከበርላቸው ይገባል።

ሰነዱ የት ይቀርባል?

ግለሰቦች፣ ትምህርት ቤቶችና የባህል ቡድኖች ያዘጋጁትን ሰነድ በቅድሚያ በየወረዳቸው ለሚገኘው የባህል ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላሉ። ቀረጻው የተከናወነበት ቀንና ቦታ እንዲሁም የቀራጩ ስም በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ይጻፍ። አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ማኅበረሰብ መመለስ አለበት፤ ልጆች ከአያቶቻቸው ያላዩትን ከዚያ ሊማሩ ይችላሉና።