ዋስ የሌለው እንግዳ

ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ትሸጣለች። የራሷን አይደለም፤ ገና በወረቀት ላይ ያለ፣ አንዳንዴም እስከ ስድስተኛ ፎቅ ተገንብቶ የቆመ የሌላ ሰው ቤት። ስልክ ቁጥሯ ቴሌግራም ላይ አለ፣ ቲክቶክ ላይ አለ፣ በየታክሲው በሚታደል በራሪ ወረቀት ላይም አለ። ማንም ተነስቶ ሊደውልላት ይችላል። ሥራው ይኸው ነው፤ ካልተደወለ ኮሚሽን የለም።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ደወለ። «ከሥራ የምወጣው አመሻሽ ላይ ነው» ብሎ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ቀጠራት። ሕንፃው ሊፍት የለውም፣ መብራትም ገና አልገባለትም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ሰውየው ስለ ካሬ ሜትር መጠየቁን ተወና ስለ እሷ መጠየቅ ጀመረ፤ ባል አላት ወይ፣ የምትኖረው ብቻዋን ነው ወይ። ከዚያ መጥቶ በእሷና በደረጃው መካከል ቆመ። እህቴ ቶሎ የመጣላት የዘበኛውን ስም መጥራት ነበር። ጮክ ብላ ጠራች። ዘበኛው አልሰማም፤ ሰውየው ግን ሰማ። «ምን ሆነሻል? ቀልድም አታውቂ!» ብሎ ወረደ። በማግስቱ ስልኩ ተዘግቷል።

ይኸው ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ምን ብላ ታመልክት? አልነካት፣ አልሰደባት። ግን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም።

ይህን ለአባታችን ስትነግረው እኔ ኮን፣ አጠገቡ ነበርኩ። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎት ሰማን። አባቴ አልተቆጣም፣ «ለምን ሄድሽ?» አላላትም። የጠየቃት አንድ ነገር ነው።

«ማን ያውቀዋል?»

«ማንም አያውቀውም አባዬ፤ ደንበኛ ነው።»

«ታዲያ ማን አገናኛችሁ?»

«ስልክ።»

አባቴ ዝም አለ። ዝምታው የሽማግሌ ግራ መጋባት መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ጥያቄው በጣም ያረጀና በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

ኮን የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጋሸና ወደ ደላንታ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ብርድና ነፋስ የማይለያት ደጋ። እዚህም ደላላ አለ። ቤት ያከራያል፣ በሬ ያሻሽጣል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም በአንድ ቀን ይሠራል። ግን የኮን ደላላ የማያውቀውን ሰው ይዞ ብቻውን ባዶ ቤት ውስጥ ሲገባ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ሻይ ቤት ያስቀምጠዋል። «ከየት ነህ? ማን ጋ ነው ያረፍከው? እዚህ ማንን ታውቃለህ?» ይለዋል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል፤ መልሱን የሚያጣራ አንድ ሰው አይጠፋም። ቤቱን ለማየት ሲነሱ ሦስት ወይም አራት ሆነው ነው። ልጅ እያለሁ ይህ ሁሉ ወሬ መውደድ ይመስለኝ ነበር። ወሬም አለበት፣ አልክድም። ግን ከወሬው ሥር ሌላ ነገር አለ።

ባልደረባ የሚለውን ቃል እንውሰድ። ዛሬ የሥራ ጓደኛ ማለት ነው፤ አብሮ ቢሮ የሚገባ፣ ቡና የሚጋብዝ። ድሮ ግን ሥራ ነበር። ወደ ንጉሥ ወይም ወደ ትልቅ መኳንንት ቤት የመጣ እንግዳ ዘሎ ጌታው ፊት አይቀርብም። አንድ የግቢው ሰው ባልደረባ ይሆንለታል። ያ ሰው ያስገባዋል፣ ጉዳዩን ያቀርብለታል፣ ቀለቡን ይከታተልለታል። እንግዳው ቢበደል የሚጮህለት እሱ ነው፤ እንግዳው ቢያጠፋም «አምጣ» የሚባለው እሱ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችንን የጎበኙ አውሮፓውያን ስለ ባልደረባ ደጋግመው ጽፈዋል፤ ገሚሶቹም አማረዋል፣ እጅ መንሻው በዛብን እያሉ። (የደላላ ኮሚሽን ላይ የምናጉረመርመው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው።)

በምሥራቅ በኩል፣ በሶማሌዎች ዘንድ፣ የዚህ ወንድም የሚሆን አባን የሚባል ሥርዓት ነበር። በ1855 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በመጽሐፉ እንደገለጸው፣ አባን ለእንግዳው ነጋዴ ደላላም፣ አስተርጓሚም፣ ጠባቂም ነው። ከሽያጩ ድርሻውን ይወስዳል፤ በምላሹ እንግዳውን የነካ እሱንና ዘመዶቹን እንደነካ ይቆጠራል። ልብ በሉ፤ ድለላና ጥበቃ ሁለት ሥራ አልነበሩም። ደላላው የሚከፈለው ገዢና ሻጭ ስላገናኘ ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ስለቆመም ነበር። እርግጥ አባኑ ራሱ ሌባ የሆነበት ጊዜ ነበር፤ የበርተን ባልንጀራ ስፒክ በአባኑ መጭበርበሩን ጽፏል። ያም ሆኖ የሌባው ስምና ጎሳ ይታወቅ ነበር።

ወደ ደጋው ስንመለስ ዋስ አለ። «ዋስ ጥራ!» የሚለው ቃል የክርክር ሁሉ መክፈቻ ነበር። ዋስ ያጣ ሰውስ? ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ በነጠላቸው ጫፍ፣ አንዳንዴም በሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። መንገደኛ ፈረንጆች በአግራሞት የጻፉት ነገር ነው፤ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ያለ ወታደር፣ አንዱ ከሌላው ጋር ታስረው፣ ገበያ መሐል ሲያልፉ። «በዓይነ ቁራኛ» ስንል ያንን ነጠላ ይዘን ነው የምንናገረው። ከዚህ በላይ ደግሞ አውጫጭኝ ነበር፤ ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እስኪወጣ ድረስ የሚጠየቅበት። እንግዳ ሰው በአንድ መንደር ቢገደል መንደሩ ሁሉ ከሥራ ይፈታል። ስለዚህ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ከማን ጋር ታየ የሚለውን ማወቅ የሁሉም ጉዳይ ነው።

የመሬትና የቤት ጉዳይ ላይ ይህ ነገር በጽሑፍ ይገኛል። ንጉሥ ላሊበላ በ1225 እ.ኤ.አ. በሽሜዛና ለሚገኘው ለደብረ ሊባኖስ ገዳም የሰጠው የመሬት ስጦታ በገዳሙ የወርቅ ወንጌል ላይ ተጽፎ ቆይቷል፤ በጊዜው የነበሩት ሹማምንትም ከነማዕረጋቸው ተመዝግበዋል። የላስታው ንጉሥ እንኳ «እኔ ሰጥቻለሁ» ብሎ ብቻ አልተወውም፤ ማን ማን እንደነበረ አስጻፈ። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ደግሞ ርስትና ቤት የሚሸጥበት ውል በመጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ ከዚያ የስም ሰልፍ፤ ዳኛው፣ ዋሱ፣ ምስክሩ። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ እነዚህን ውሎች በስፋት አጥንቷል፤ ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከል ብዙ ሴቶች እንዳሉም አሳይቷል። ቤት የምትሸጥ ሴት ለጎንደር ብርቅ አልነበረችም። ብቻዋን ግን አልነበረችም።

እዚህ ላይ ታሪኩ በቤታችን ደጅ ያልፋል። አፄ ቴዎድሮስ ብዙ የጎንደር መጻሕፍት ወደ መቅደላ አምጥተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የናፒየር ጦር ዘረፋቸው። ዝርፊያው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወጣና ሐራጅ ተባለበት። ከዚያ ጦሩ ቴዎድሮስ ለመድፎቻቸው ባስጠረጉት መንገድ የዥጣን ገደል ተሻግሮ፣ በዋድላ፣ ከዚያም በላስታ አድርጎ ወደ ሰሜን ተመለሰ። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዛሬ ካሉት የመቅደላ መጻሕፍት በአንዳንዶቹ ላይ እነዚያ የሽያጭ ውሎች አሉ። የጎንደር ዋሶችና ምስክሮች ስም በበቅሎ ተጭኖ በእኛ ሰማይ ሥር አለፈ ማለት ነው። አባቴ ይህን ስነግረው «እኛን ማን ብሎ ይጠይቀናል፣ ዕቃ ሲያልፍብን ነው የኖርነው» አለ።

ታዲያ ሦስተኛው ሰው መቼ ጠፋ? በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ግን አንድ ቀን ምረጥ ብትሉኝ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. እላለሁ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የግል ኪራይ ተከለከለ፤ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከፍ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። የአዋጁን ጽድቅና ኩነኔ ለሌላ ቀን እንተወው። ለዛሬ የሚያስፈልገን ይህ ነው፤ ቤት ማከራየት ወንጀል ሲሆን ማገናኘትም የሹክሹክታ ሥራ ሆነ። ሹክሹክታ ደግሞ ምስክር አይወድም። ቀድሞ በአደባባይ ሰው ሰብስቦ ይሠራ የነበረው ደላላ ጥግ ላይ፣ ሁለት ለሁለት መነጋገር ለመደ። ዘመኑ ተለውጦ ኮንዶሚኒየሙም ሪል እስቴቱም ሲመጣ፣ ሞባይሉ ሲጨመር፣ ደላላ እንደ እንጉዳይ ፈላ፤ ሁለት ለሁለቱ ግን እንዳለ ቀረ።

ሕጉ ምስክርን አልረሳም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረም ይላል። ግን ምስክሮቹ የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው፤ ዋጋ ተቆርጦ፣ ቀብድ ተከፍሎ። ለንብረቱ ይበቃል። አምስተኛው ፎቅ ላይ ለምትወጣው ሰው ግን ዘግይቷል። የድሮው ባልደረባ በር ላይ ነበር የሚቆመው።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። ከአዋጁ አሥራ አንድ ዓመት ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1978 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ሱዚ ላምፕላው የምትባል የ25 ዓመት የቤት ሽያጭ ሠራተኛ ቤት ላሳይ ብላ ከቢሮዋ ወጣች። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ የነበረው የቀጠሮው ሰዓት፣ የፉልሃም ሰፈር አድራሻና «ሚስተር ኪፐር» የሚል ስም ነው። ኪፐር በእንግሊዝኛ በጭስ የደረቀ ዓሣ ነው። አልተመለሰችም። አስከሬኗ እስከ ዛሬ አልተገኘም፣ የተፈረደበትም ሰው የለም። እናቷ ዳያና ከጥቂት ወራት በኋላ በልጇ ስም ድርጅት አቋቋመች፤ ብቻቸውን ወጥተው የሚሠሩ ሰዎችን ደኅንነት የሚያስተምር። የት እንደምትሄጂ ለሰው ተናገሪ፣ የደንበኛውን ማንነት ቀድመሽ አረጋግጪ፣ ስትመለሺ አሳውቂ ዓይነት ነገር ነው ምክሩ። ምዕራባውያን በብዙ ዋጋ ተምረው በመመሪያ የጻፉት፣ ስታዩት የኮን ሻይ ቤት ነው።

የእህቴ መሥሪያ ቤት ሲቀጥራት ተያዥ ጠይቋታል። ደመወዝ ያለው ሰው፣ ከነደብዳቤው። የአባታችን የድሮ ጓደኛ፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው አስተማሪ፣ ፈረመላት። ካምፓኒው ብሮሹርና ላፕቶፕ ይዛበት እንዳትጠፋ ዋስ አለው። እሷ ግን ጨለማ ፎቅ ላይ ይዛው ለምትወጣው ሰው ያላት አሥር አኃዝ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ይህን ለአለቃዋ ስትነግረው «ደንበኛን መታወቂያ ከጠየቅሽ ይሸሻል» አላት። ሊሆን ይችላል። የሚሸሸው የትኛው ደንበኛ እንደሆነ ግን አልተነጋገሩም።

አንድ ነገር ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። «ማን ያውቅሃል?» ንጹሕ ጥያቄ አይደለም። ድሮም ዘመድ የሌለውን፣ ባለእጁን፣ ባሪያ ተብሎ የተሸጠውን ከደጅ ያስቀር ነበር። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ላስታንና ዋድላን ሲያልፍባቸው፣ ይኸው ጥያቄ ሌላ ድምፅ ነበረው። ኬላ ላይ መልስ ያጣ ሰው ምን እንደሚሰማው የዚያን ጊዜ መንገድ የሄደ ያውቃል። እኔም አንድ ቀን፣ አባቴን ከሚያውቅ ሰው ስም በቀር የማሳየው ነገር አጥቼ ቆሜያለሁ። ስለዚህ እህቴን «የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቂው» ብዬ አልመክራትም። ዘርና አገር መጠየቅ ዋስ መጠየቅ አይደለም። የሚያስፈልጋት የሰውየው የትውልድ ሐረግ ሳይሆን፣ እሱ ከእሷ ጋር መሆኑን የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ነው፤ ሰውየው ራሱ ደግሞ እንደሚታወቅ ማወቅ አለበት።

አሁን እንዲህ ታደርጋለች። የመጀመሪያ ቀጠሮ ሁልጊዜ ሽያጭ ቢሮው ውስጥ ነው፣ በቀን። መታወቂያ ትጠይቃለች፤ ፋይዳ ያለው በፋይዳ። ፎቶ አንስታ ለእኔና ለአንዲት የሥራ ጓደኛዋ ትልካለች፣ እዚያው ፊቱ። ዘበኛውን አስተዋውቃው ነው የምትወጣው፦ «አባባ፣ ከእኚህ ደንበኛ ጋር አራተኛ ፎቅ ነን፤ ሀያ ደቂቃ ካለፈን ይጥሩን።» ደረጃ ስትወጣ ከፊት አትሄድም፣ ደንበኛው ይቀድማል። ቴሌግራም ላይ ስሜን «ባልደረባ» ብላ ቀይራዋለች። ሀያ ደቂቃው ሲያልፍ እኔ ኮን ተቀምጬ ስልኬን አፈጥበታለሁ።

ሁለት ሰዎች ተቆጥተው ሄደዋል። አንዱ «ሌባ ነኝ እንዴ?» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ፤ የዚያን ወር ኮሚሽን አብሮ ወጣ፣ ቀላል አይደለም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ጋቢ የደረቡ አዛውንት መጡ፤ ከውጭ ለሚልክ ልጃቸው ቤት የሚያዩ። መታወቂያቸውን አውጥተው ሰጧት፣ ፎቶ ስታነሳ ዝም ብለው አዩ። ከጨረሰች በኋላ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡና እጃቸውን ዘረጉ።

«ያንቺስ መታወቂያ፣ ልጄ?»