ሰብሳቢው ዝርዝሩን ሲጠይቁ

ባለፈው ሰሞን የመጻሕፍት መደርደሪያዬን ሳራግፍ አንድ የቆየ የቃለ ጉባኤ ቅጂ ወደቀ። ጽሕፈቱ የራሴ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። በተራ ቁጥር አራት ላይ «ድምፅ የደገፉ 4፣ የተቃወሙ 2፣ ድምፅ ተአቅቦ 1» ይላል። ተአቅቦው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምኖርበት ሰፈር በባሎቻቸው የተደበደቡ ሴቶችን የሚረዳ ትንሽ ማኅበር ነበር። ኪራይ ግቢ፣ አራት ክፍል፣ አንድ ዘበኛ፣ አንዲት አስተባባሪ። ሰባት የቦርድ አባላት ነበርን፤ አምስታችን ወንዶች። እኔን የመረጡኝ ሥነ ጽሑፍ ስለማስተምር ነው። «ጽሑፍ ያውቃል» ተባለና ጸሐፊ ሆንኩ። ስለ ተደበደበች ሴት ምን ያውቃል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ሰብሳቢያችን የተከበሩ ጡረተኛ ነበሩ። የሰፈሩን እድር ለብዙ ዓመት መርተዋል፤ አንድ ቀን በሳንቲም ተጠርጥረው አያውቁም። አንድ ቅዳሜ፣ አጀንዳው አልቆ «ልዩ ልዩ» ላይ ስንደርስ፣ ወደ አስተባባሪዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ግቢው ውስጥ ያሉትን ሴቶች ስም ዝርዝር አምጪልን እንጂ። ማንን እንደምንረዳ ሳናውቅ እንዴት እንፈርማለን?»

«ጋሼ፣ ቁጥራቸውን እሰጣለሁ። ስንት ቀን እንደቆዩና ምን እንደወጣባቸው እሰጣለሁ። ስማቸውን ግን አልሰጥም» አለች።

ዕድሜዋ ከሠላሳ አይበልጥም። ክፍሉ ጭጭ አለ። አንዱ አባል «ቦርዱን ልታዝዢ ነው እንዴ?» አላት። ከዚያ ነው ድምፅ ይሰጥ የተባለው።

ሰውየውን ክፉ አድርጌ እንዳልስላቸው መጠንቀቅ አለብኝ። ጥያቄያቸው ከየት እንደመጣ ካላየን ምንም አልገባንም ማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የትኛውም ኮሚቴ የእድር ልጅ ነው። እድር በከተማችን የተስፋፋው ባለፈው መቶ ዓመት ነው። ከየአገሩ የመጣ፣ ዘመድ ከአጠገቡ የሌለው ሰው ሬሳው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር ብሎ ያቆመው ነገር ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ተቆጣጣሪ፣ መዝገብ፣ መቅጫ። መንግሥት ሳያስተምረው ሕዝቡ ራሱን ያስተዳደረበት ትምህርት ቤት ነው ብል አላጋነንኩም። የእድር ክብሩ ደግሞ ማወቁ ነው። ማን ሞተ፣ ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ከአገር ወጣ፣ ሁሉንም ያውቃል። የማያውቅ እድር ድንኳኑን የት ይተክላል?

ሌላው ውርሳችን ሽምግልና ነው። የባልና የሚስት ጠብ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ሽማግሌው ተሳካለት የሚባለው ሴትዮዋ ቤቷ ስትመለስ ነው። ከተመለሰች በኋላ ስለሆነው ነገር የሚጠየቅ ሽማግሌ አላየሁም። ሴትን ከአህያ ጋር ያጣመረውን ተረት ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። እኔ ግን በተረትና ምሳሌ ክፍለ ጊዜ እየደጋገምኩ አስተምሬዋለሁ፤ ተማሪዎቹ ሲስቁ አብሬ ስቄያለሁ።

ሕጉም ቢሆን የተሻለ አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ የሚስቱን ጠባይ የመምራት ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት ያስመልጠው ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ የአባቶቻችን የቃል ልማድ አይደለም፤ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ ዘመናዊ ሕግ ነው።

ይህን ግድግዳ መነቅነቅ የጀመረው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1995፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ባወጀ ሰሞን ነው። የመጀመሪያዋ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ቀድሞ ዳኛ ነበሩ፤ ብዙ ቆይተው እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2023 መጀመሪያ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ማኅበሩ ጠበቃ መክፈል ለማይችሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ ጀመር። ብዙ ሳይቆይ የአርሲዋ ልጅ ጉዳይ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1996፣ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች፣ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በጥይት ገደለች። ማኅበሩ ቆሞላት፣ ከሙግቱ በኋላ ራሷን ለመከላከል ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ነው። የቋንቋ ሰው ነኝና አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በአማርኛችን ጀግንነቱም ግፉም ከአንድ ሥር ነው የሚወጣው። ደፋርም አለ፣ የተደፈረችም አለች።

ሰው ይህን ሲያወራ ስለ ጠበቆቹ ወኔ ያወራል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከጠበቃው ጀርባ ያለው ስብሰባ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲያዝ ማን ፈረመ? ማስፈራሪያ ሲመጣ ማን ነው «በእኛ ስም ነው የሠራችው» የሚለው? ቦርድ የሚባለው ነገር ለሻይና ለብስኩት ካልሆነ በቀር ለዚህ ነው የተፈጠረው። በ1993 ዓ.ም. መጨረሻ ይኸው ማኅበር አንዲትን ወጣት ከሚያሳድዳት ሰው የፍትሕ አካላት አላዳኗትም ብሎ በይፋ ወቀሰ። የፍትሕ ሚኒስቴር ከተፈቀደልህ ዓላማ ወጥተሃል ብሎ አገደው። እግዱ የተነሣው በ1994 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። በመሐል ያሉትን ሳምንታት አስቧቸው። ጉዳያቸው ቀጠሮ የያዘላቸው ሴቶች የተቆለፈ በር ነው ያገኙት። «ይቅርታ እንጠይቅና እንከፈት» የሚል ሰው በየትኛውም ቦርድ አይጠፋም፤ እኔም ብኖር ከእነሱ አንዱ የምሆን ይመስለኛል።

ውጤቱ አልዘገየም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጣ፤ ባልና ሚስት እኩል ሆኑ፣ የጋብቻ ዕድሜ 18 ሆነ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ የጠላፊውን ማምለጫ ዘጋ፤ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ድብደባንም በስሙ ጠርቶ ወንጀል አለው። ይህ ሁሉ የማኅበሩ ብቻ ሥራ ነው አልልም፤ ያለ እሱ ግን በዚህ ፍጥነት አይታሰብም።

ሕግ ወጣ ማለት ግን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ልጅ ያዘለች ሴት የምታድርበት አገኘች ማለት አይደለም። ለዚህኛው ጥያቄ ከቀዳሚዎቹ መልስ ሰጪዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 ተመሥርቶ በ2006 አዲስ አበባ ውስጥ መጠለያ የከፈተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ነው፤ መሥራቿ የሕግ ባለሙያዋ ማሪያ ሙኒር ናቸው። መኝታ፣ ምግብ፣ ሕክምና፣ ምክርና የሙያ ሥልጠና ይሰጣል። የመጠለያ የመጀመሪያው ደንቡ ደግሞ አድራሻው አለመነገሩ ነው። ለእኛ ለእድር ልጆች እንግዳ የሆነብን ይህ ነው። እድር ድንኳኑን በአደባባይ ይተክላል፤ መጠለያ ግን በሩ ላይ ታፔላ የለውም።

እንግዲህ ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 አለ። ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ከመብት ሥራው አልወጣም አለና «የኢትዮጵያ» ተብሎ ተመዘገበ። የባንክ ሒሳቡ ታገደበት፣ ሠራተኛ ቀነሰ፣ በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ቀረ። ስማቸውንና ዓላማቸውን ቀይረው ገንዘቡን ያተረፉም ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም፣ የሚያበሏቸው ሰዎች ነበሯቸው። አዋጁ ለአስተዳደር የሚወጣው ከሠላሳ በመቶ እንዳይበልጥም ይል ነበር፤ አዲስ አዋጅ የተካው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ የእኛ ሰብሳቢ ሌሊት እንቅልፍ የሚያሳጣቸው ይህ ነው። ኤጀንሲው መጥቶ «የረዳችኋቸው ሴቶች የታሉ?» ቢለን ምን እንላለን? የሌለ ስም እየደረደረ እርዳታ ይበላል የሚባል ድርጅትም ያኔ በየወሬው ነበር። ንጹሕ ሰው ነበሩና ንጽሕናቸውን በስም ዝርዝር ሊያሳዩ ፈለጉ።

መልሱ ከባድ አልነበረም። ስም በቁጥር ይተካል፤ ፋይሉ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ምስጢር ለመጠበቅ የፈረመ የውጭ ኦዲተር ቁጥሩን ከፋይሉ ያመሳክራል። ቦርድ ገንዘቡን ይወቅ፣ የአልጋውን ብዛት ይወቅ፣ ሴቶቹ በሠራተኞች ላይ ቅሬታ ካላቸው በቀጥታ የሚደርሰው መንገድ ይክፈት፤ አስተባባሪዋም ከቁጥጥር በላይ አይደለችም። የማንን ሚስት እንዳስጠለለ ግን ማወቅ የለበትም፤ ምክንያቱም ቦርዱ ከባሎቹ ጋር እድርተኛ ነው፣ ማኅበርተኛ ነው፣ ሠርግ ይጠራራል። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የምናገረው። ያኔ እጄን ጠረጴዛው ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ።

አስተባባሪዋ ከድምፁም በኋላ ዝርዝሩን አልሰጠችም። የመሳቢያውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ቁልፉም አላስፈለገም። ዘበኛው በር ላይ ገቢና ወጪ የሚመዘግብበት ደብተር ነበረው፤ ለካ ማናችንም አስበነው አናውቅም። ሰብሳቢው አስመጡትና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አንድ ስም ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ። የእድርተኛቸው ሚስት ነበረች።

ክፋት አስበው አይመስለኝም። ደውለው «ሚስትህ በሰላም አለች፣ አትጨነቅ» ነው ያሉት። በሦስተኛው ቀን ባልየው ሦስት ሽማግሌ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ገብተው አንድ ሰዓት ያህል አነጋገሯት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በፌስታል ልብሷን ይዛ፣ ማናችንንም ሳታይ ወጣች። የግራ ክንዷ ገና በፋሻ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጸሐፊው እኔ ነኝና መጻፍ ነበረብኝ። ቅጂው ፊቴ ነው፤ በጥሩ እጅ ጽሕፈት «አንዲት ባለጉዳይ በእርቅ ወደ ቤቷ ተመልሳለች» ይላል። ስንት ድርሰት ሳርም፣ «ይህ ቃል ቦታው አይደለም» እያልኩ በቀይ ስሰርዝ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ዓመቱ ሳያልቅ ከቦርዱ ወጣሁ። ምክንያቴን «የሥራ ብዛት» ብዬ ነው የጻፍኩት።

ያቺን አስተባባሪ ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ አንድ መጻሕፍት ቤት በር ላይ አገኘኋት። ፀጉሯ ሸበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ያን ነገር ላነሣላት ፈልጌ ምላሴ ተያያዘብኝ፤ እሷም አላገዘችኝም። አሁንም መጠለያ ውስጥ እንደምትሠራ ነገረችኝ።

«የት ነው?» አልኳት።

ፈገግ አለች። «መምህር፣ እሱን አይጠይቁኝ» አለችና መጽሐፏን ይዛ መንገዱን ተሻገረች።