በረራ ሲሰረዝ መንገደኛው ምን ይገባዋል?

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ወደ ውጭ አገር የሚበር ሰው ብዙውን ጊዜ እስከ ባህር ዳር በመኪና ይጓዛል። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ደርሶ በረራው መሰረዙን ሲሰማ የሚያጣው የአዲስ አበባውን አጭር በረራ ብቻ አይደለም። የመኪናው ወጪ፣ የሆቴል አልጋ፣ ከአዲስ አበባ የሚቀጥለው በረራ፣ አንዳንዴም የቪዛ ቀነ ገደብ አብሮ ይበላሻል። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ የተቆረጠ ካሳ ይጠብቃል፤ ሌላው ደግሞ ምንም መብት የለኝም ብሎ ይመለሳል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው። መልሱ የሚገኘው ሦስት ጥያቄዎችን በመመለስ ነው። ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ጉዞው ከየት ተነስቶ የት ያበቃል? በረራው የተሰረዘውስ ለምንድን ነው?

አንድ ትኬት ወይስ ሁለት?

ከባህር ዳር በአዲስ አበባ በኩል እስከ ዋሽንግተን በአንድ ትኬት የሚሄድ መንገደኛ ጉዞው በሙሉ ዓለም አቀፍ ነው። የአገር ውስጡ ክፍልም ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ1999 በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት ይገዛል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀላቀለችው በ2006 ዓ.ም. ነው።

የአገር ውስጡን ትኬት ለብቻው፣ የውጩን ደግሞ ሌላ ጊዜ የገዛ ሰው ግን ሁለት የተለያዩ ውሎች ፈጽሟል ማለት ነው። የመጀመሪያው በረራ ተሰርዞ ሁለተኛው ቢያመልጠው፣ ሁለተኛውን የሚያበርረው አየር መንገድ የቀረ መንገደኛ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ሁለት ትኬት በርካሽ የሚገዛ ሰው ይህን አደጋ አብሮ እንደገዛ ማወቅ አለበት።

የሞንትሪያል ስምምነት ምን ይሰጣል?

ስምምነቱ መንገደኛው በመዘግየት ምክንያት የደረሰበትን ኪሳራ ያስክሳል። ይሁንና የተቆረጠ ገንዘብ አይሰጥም፤ ኪሳራውን በማስረጃ ማሳየት ያስፈልጋል። የካሳው ጣሪያ የሚለካው የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚጠቀምበት ኤስዲአር በተባለ የሒሳብ መለኪያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 6,303 ኤስዲአር ነው፤ ይህም ከ8 ሺሕ የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው። ለጠፋ፣ ለተጎዳ ወይም ለዘገየ ሻንጣ ጣሪያው 1,519 ኤስዲአር ነው። አየር መንገዱ ጉዳቱን ለማስቀረት ተገቢውን እርምጃ ሁሉ መውሰዱን፣ ወይም ይህን ማድረግ የማይቻል እንደነበር ካስረዳ ለመዘግየቱ አይጠየቅም።

የአገር ውስጥ በረራስ?

ከባህር ዳር አዲስ አበባ ብቻ የሚደረግ ጉዞ በኢትዮጵያ ሕግ ይታያል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የ1952ቱን ሕግ በሙሉ አልሻረም፤ ስለ ማጓጓዝ የሚደነግገው ሦስተኛው መጽሐፍ ባለበት ቀጥሏል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1771 ደግሞ ውል ሳይፈጸም ሲቀር ሌላው ወገን ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት፣ በተጨማሪም ለደረሰበት ጉዳት ካሳ እንዲከፈለው የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ከሁሉ በፊት ግን መታየት ያለበት አየር መንገዱ ለመንገደኛው የሰጠው የማጓጓዣ ውል ነው። በብዙ አየር መንገዶች ውል በረራ ሲሰረዝ መንገደኛው በሌላ በረራ መሄድን ወይም የትኬቱ ገንዘብ እንዲመለስለት መምረጥ ይችላል።

ከአውሮፓ የሚነሱ

በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው የተቆረጠ ካሳ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 የተደነገገው ነው። ከኅብረቱ አገሮች ኤርፖርት የሚነሳን በረራ ሁሉ፣ አየር መንገዱ የማንም ይሁን የማን፣ ይመለከታል። ከፍራንክፈርት በአዲስ አበባ በኩል እስከ ባህር ዳር በአንድ ትኬት የሚመጣ መንገደኛ ባህር ዳር የደረሰው ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ከሆነ፣ ርቀቱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ እስከ 600 ዩሮ ሊጠይቅ ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ሲሄድ ግን ደንቡ የሚሠራው የሚያበርረው የኅብረቱ አየር መንገድ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሄደና በሉፍታንዛ የሄደ ሰው መብታቸው ሊለያይ ይችላል። በረራው መሰረዙ ከ14 ቀናት በፊት ከተነገረ ይህ ካሳ አይከፈልም።

ምክንያቱ ወሳኝ ነው

በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ወደ ባህር ዳር፣ ጎንደርና ላሊበላ የሚደረጉ በረራዎች ተቋርጠው ነበር። እንዲህ ያለው ሁኔታ፣ ከባድ የአየር ጠባይም ጭምር፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ተብሎ ካሳን ሊያስቀር ይችላል። ያልተሰጠ አገልግሎት ዋጋ ይመለስልኝ የሚለው ጥያቄ ግን ከካሳ የተለየ በመሆኑ በዚህ ምክንያት ብቻ መተው የለበትም። በአውሮፓው ደንብ ደግሞ ምግብና ማደሪያ የማቅረብ ግዴታ በዚህ ጊዜም አይቀርም። የአውሮፕላን የቴክኒክ ብልሽት ግን እዚያ በመደበኛነት ሰበብ ተደርጎ አይቆጠርም።

መንገደኛው ምን ያድርግ?

በረራው የተሰረዘበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቅ። ትኬቱን፣ ቦርዲንግ ፓሱን፣ የሻንጣውን ታግ፣ የሆቴልና የትራንስፖርት ደረሰኞችን ያስቀምጥ። ገንዘቡ ይመለስልኝ ወይስ በሌላ በረራ ልሂድ የሚለውን ሳይወስን ምንም ወረቀት አይፈርም።

ቀኑንም ይቁጠር። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተጎዳ ሻንጣ አቤቱታ የሚቀርበው ሻንጣው በተረከቡ በ7 ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ ለዘገየ ሻንጣ ደግሞ በ21 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ነው። ክስ የሚመሠረተው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ይህ ጊዜ ካለፈ መብቱ ይቀራል።

ወደ ባህር ዳር በመኪና የሚመጣ መንገደኛ ከቤቱ ከመነሳቱ በፊት የበረራውን ሁኔታ በስልክ ቢያረጋግጥ፣ ትኬት ሲገዛም እስከ መጨረሻው መድረሻ በአንድ ትኬት ቢያደርገው ከኋላ ከሚመጣ ክርክር ይድናል።