የዕፅዋት መድኃኒት በምን ይወሰዳል? ከአዩርቬዳ ማር እስከ ጁባ ከርከዴ

በደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ፣ በየመንገዱ ዳርና በየግቢው የሚታየው የኒም ዛፍ የትውልድ ምድሩ የሕንድ ክፍለ አህጉር ነው። ነዋሪዎች መራራ ቅጠሉን ቀቅለው ለትኩሳትና ለወባ ይጠጡታል። በሕንድ ጥንታዊ የሕክምና ሥርዓት በአዩርቬዳም ኒም የታወቀ መድኃኒት ነው። በአዩርቬዳ ግን ከዕፁ እኩል የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ፤ በምን ይወሰድ?

ከመድኃኒቱ ጋር ወይም እርሱን ተከትሎ የሚወሰደው ማወራረጃ በሳንስክሪት «አኑፓና» ይባላል። እንደ ሕመሙና እንደ ሕመምተኛው ሁኔታ ለብ ያለ ውሃ፣ ማር፣ ወተት ወይም የተነጠረ ቅቤ ይመረጣል። ማርን ማሞቅም ሆነ ማርና ቅቤን በእኩል ክብደት መቀላቀል በዚህ ሥርዓት ክልክል ነው።

በጁባ በንግድና በሆቴል ሥራ ለተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም። የዳማከሴ ጭማቂ በቡና፣ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ኮሶ ደግሞ በባዶ ሆድ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ሲወሰድ ኖሯል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ምሬትን መሸፈን ይመስላል፤ ይሁንና ማወራረጃው ከዚያ ያለፈ ሥራ ሊኖረው ይችላል።

ለዚህ የእርድ ነገር ጥሩ ማሳያ ነው። በእርድ ውስጥ ያለው ከርኩሚን ብቻውን ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። በአውሮፓውያኑ 1998 በሕንድ ባንጋሎር የተሠራ ጥናት፣ 2 ግራም ከርኩሚን ከቁንዶ በርበሬ በሚገኝ 20 ሚሊግራም ፒፐሪን ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን 20 እጥፍ ገደማ ማደጉን አሳይቷል። ይህ ኃይል ግን በጎ ብቻ አይደለም፤ ፒፐሪን በሐኪም የታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶችንም መጠን ከሚፈለገው በላይ ሊያደርስ ይችላል።

ተቃራኒው ምሳሌ ለጁባ ይበልጥ ይቀርባል። በ1994 የታተመ ጥናት፣ በሱዳን የተለመዱት ከርከዴ፣ የተምር ሂንዲ መጠጥና የሎሚ ጭማቂ ከክሎሮኪን ጋር ሲወሰዱ ወደ ደም የሚገባውን የወባ መድኃኒት በጉልህ እንደሚቀንሱ አመልክቷል። ክሎሮኪን ወባው ስለተላመደው በአካባቢው ቦታውን ለሌሎች ለቅቋል። ከርከዴው ግን ዛሬም በየሻይ ቤቱ ይቀዳል።

ዛሬ በስፋት የሚታወቀው ኮአርተም የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ስብ። በውስጡ ያለው ሉመፋንትሪን ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በባዶ ሆድ ከሚገባው እስከ 16 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በመሆኑም በሦስት ቀናት የሚወሰዱት ስድስቱ ዙሮች ከወተት ወይም ከምግብ ጋር ቢሆኑ ይመረጣል። ትኩሳት የምግብ ፍላጎትን በሚዘጋበት ጊዜ ክኒኑን በኒም ውሃ ብቻ መዋጥ ፈውሱን ሊያጎድል ይችላል፤ የኒም ውሃም ክኒኑን አይተካም።

ውሃ ከሁሉም ቀላሉ ምርጫ ነው፤ በጁባ ግን ንጽሕናው መታየት አለበት። በርካታ ቤቶች ከነጭ አባይ ተቀድቶ በቦቴ የሚመላለስ ውሃ ይጠቀማሉ፤ ከተማዋም በተደጋጋሚ በኮሌራ ተጠቅታለች። ዱቄት የሚበጠበጥበት ውሃ አስቀድሞ መፍላት ይኖርበታል። ማርም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላልና። የኒም ዘይት ደግሞ በምንም ቢቀላቀል ለሕፃናት አይጠጣም፤ ለከባድ ሕመምና ለሞት የዳረጋቸው ሕፃናት በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግበዋል። ነፍሰ ጡሮችም ከኒም እንዲርቁ ይመከራል።

ማወራረጃ የማያስተካክለው ችግርም አለ። በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በቦስተን አካባቢ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። እነዚህን በወተትም ሆነ በማር ማርከስ አይቻልም። አምራቹና ይዘቱ ያልተጻፈበትን ዱቄት ከመግዛት መቆጠብ፣ የወባ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱም ዕፁን ከነማወራረጃው አስቀድመው ለጤና ባለሙያ መንገር ይጠበቅባቸዋል።